የታጠፈው ወረቀት ጀርባ

በማኬሬሬ ኮረብታ ሥር፣ በተማሪ ማደሪያዎችና ሮሌክስ የሚባለውን በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል በሚሸጡ ሰዎች መካከል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት አለች። ቤርሳቤህ ለስምንት ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ ደጇን ስትረግጥ ከርማለች። ዛሬ ግን በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ ከበዳት። ያመጣት ቦዳ ሞተር ሳይክል ዞሮ እስኪሄድ ድረስ ደጅ ቆማ ቆየች።

የማሽኑ ሠራተኛ ሳቢራ ከውስጥ አይታ በእጇ ጠራቻት። በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለውን ሥራ ከመደርደሪያው አውርዳ ፊቷ አስቀመጠችላት። ቤርሳቤህ ዓይኗን ወደ ውስጠኛው ክፍል ላለመላክ ስትጠነቀቅ አልሆነላትም። መጋረጃው ተሰብስቧል። ወንበሩ ባዶ ነው። የአታሚው የሚልኪያስ ግራጫ ሹራብ እንኳ ከምስማሩ ላይ የለም።

ሳቢራ ሳትጠየቅ ነገረቻት። ሚልኪያስ ዕቃውን አውጥቶ ወዳጁ ቤት አርፏል፤ ትናንት ሥራ አልገባም፤ ስልክ ደውሎ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለው አትሚላት ብሏት፣ አማርኛ ማንበብ የማትችለው እሷም እንዳለው መቶ ሃያውን ቅጂ አትማዋለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ነካ አደረገቻት። ድሮ ሁለታችሁ ስታወሩ ማሽኑን ማጥፋት ነበረብኝ፣ አሁን ደግሞ ማሽኑ ብቻውን ሲያወራ ይውላል፣ ምን ነካችሁ አለቻት። ቤርሳቤህ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሳቢራ ፈገግታውን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሰኞ ጠዋት ጠቅልሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጉሉ ከተማ ይሄዳል። እዚያ ሥራ አግኝቷል። አልነገረሽም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አለች ቤርሳቤህ።

ለምን እንደዋሸች አላወቀችም። ጥቅሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።

ቤርሳቤህ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ እዚህ ካምፓላ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ጥሩ ሥራ ይዛለች። ባሏ ሀብተ ጊዮርጊስ የውሃ መሐንዲስ ነበር። ያረፈው በአጭር ሕመም ነው፤ ነገ፣ እሑድ፣ ሦስተኛ ሙት ዓመቱ ነው። ታላቅ እህቱ ወይዘሮ የሺሀረግ፣ ቡኮቶ ሰፈር ያለው ምግብ ቤት ባለቤት፣ ለዕለቱ የሚያብረቀርቅ ትልቅ መጽሔት እንዲታተም፣ ሽፋኑም ላይ ወንድሟ ሙሉ ልብስ የለበሰበት ፎቶ እንዲወጣ ፈልጋ ነበር። ቤርሳቤህ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ከአንድ ወረቀት ተጣጥፎ የሚሠራ፣ ስምንት ገጽ ያለው፣ ሰው ኪሱ ከትቶ የሚወስደው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዚን ይሉታል። ማን ይሠራዋል ብላ ስትጠይቅ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ ወደሚያትመው ሰው መሯት።

ሚልኪያስ ከሰባት ዓመት በፊት በስደት የመጣ፣ በሰው ማሽን ሠርቶ የሚያድር፣ ከማሽኑ ጀርባ ባለችው ክፍል የሚኖር ሰው ነው። በኢትዮጵያውያን ማኅበር ስብሰባ የኤምባሲውና የአየር መንገዱ ሰዎች ከፊት ሲቀመጡ እሱ ከኋላ ይቆማል። ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ቤርሳቤህ ቤቷ ሆና ፎቶዎቹን በመቀስ ቆርጣ የለጠፈችበትን ወረቀት ይዛ ሄደች። ሚልኪያስ ምንም ሳይናገር መሀሉን ሰንጥቆ አጣጠፈው። ግማሾቹ ገጾች ተገልብጠው ወጡ። ሀብተ ጊዮርጊስ እንቴቤ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በጭንቅላቱ ቆሟል።

«የላይኛው ረድፍ ሁልጊዜ ተዘቅዝቆ ነው የሚለጠፈው» አላት። «ሲታጠፍ ይቃናል።»

ቤርሳቤህ ሳቀች። ከሦስት ዓመት ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወዲያውም በባሏ ፎቶ መሳቋ አሳፈራት። ሚልኪያስ ማፈሯን እንዳላየ ሆኖ ፎቶውን በጥፍሩ ቀስ ብሎ አላቀቀና አቃንቶ መለሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ የምትባል ቀን እንዳለች ትዝ ይላት ጀመር።

ፎቶ ሲመርጡ ሰዓቱ ይሄድባቸዋል። ሀብተ ጊዮርጊስ ሸሚዙን ራሱ ሲተኩስ፤ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ተኝቶ፤ በልጅነቱ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ከየሺሀረግ ጎን። ሚልኪያስ ስለ እያንዳንዱ ይጠይቃታል፤ ትመልስለታለች፤ ለማንም ያልነገረችውን እየነገረችው ይመሻል። «እርስዎ» እያለ የጀመራት ሰው በሦስተኛው ቅዳሜ ሳያስበው «አንቺ» አላት። ደንግጦ ሊያርም ሲል፣ ይሁን አለችው።

በዚያው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ናሙና አጥፎ ሰጣት። ሲሰጣት ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም።

«ቤትሽ ስትገቢ ሙሉውን ዘርግተሽ እይልኝ» አላት።

እሺ ብላ ወሰደችው። ቤቷ ገብታ ስታየው ግን እያንዳንዱ ቅጠል ድርብ ነው፤ ከታች በኩል አፉን ይከፍታል። ቤርሳቤህ ባሏ ከሞተ ወዲህ ተከፍቶ የሚያድር ነገር አትወድም፤ የቁም ሳጥኑን በር፣ የመስኮቱን መጋረጃ፣ የመሳቢያውን ጫፍ ሳትዘጋ አትተኛም። ሙጫ አውጥታ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አጣበቀቻቸው። ዘርግተሽ እይ ያላትን ረሳችው። በሳምንቱ ይዛው ሄዳ፣ የቤት ሥራውን እንደሠራ ጎበዝ ተማሪ አሳየችው።

«እንዳይከፈት በሙጫ ዘግቼዋለሁ» አለችው።

ሚልኪያስ የተጣበቀውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ አሸ።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ለምን ይቅርታ እንደጠየቃት አልገባትም። የገባት «አንቺ» መቅረቱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ሥራውን በጥንቃቄ ይሠራል፣ ወረቀቱን ይመርጥላታል፣ «እርስዎ» ይላታል፣ ዓይኑ ግን ከማሽኑ አይነሳም። ቤርሳቤህም ለራሷ መልስ አበጀች። በየሳምንቱ የሌላ ሰው ባል ፊት እያዩ መቀመጥ ማንን አያሰለችም? እሷ ራሷ ጥቁሯን ሳታወልቅ ምን ጠብቃ ነበር? መልሱ ልክ ይመስል ነበር፤ ማታ ማታ ግን አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ያቺን አንዲት «አንቺ» ትሰማታለች።

ኪዋቱሌ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ስትደርስ የሺሀረግ ቀድማት ገብታ የምግብ ጠረጴዛውን አጽድታ ጠብቃታለች። ለነገው የሚሆነውን ምግብ ለሠራተኞቿ ትታ ወረቀቱን ለማጠፍ ነው የመጣችው። ጥቅሉን ስትፈታ የላይኛውን አንስታ አየችው፤ ትንሽ ከንፈሯን መጠጠች።

«ይቺን ለምታህል ነገር ስምንት ሳምንት» አለች። «ወንድሜ በዚህ ጊዜ ጉድጓዱን ቆፍሮ ውሃውን አውጥቶ ይመለስ ነበር።»

ቤርሳቤህ እትዬ የሺ እያለች ነው የምትጠራት። ሀብተ ጊዮርጊስ ያረፈ ሰሞን አጥባ ያለበሰቻት፣ አንድ ወር ሙሉ ጎኗ የተኛች፣ በየበዓሉ ብቻዬን ልሁን ስትል በሩን እያንኳኳች የምታስወጣት እሷ ናት። ካምፓላ ውስጥ ሌላ ዘመድ የላትም። ስለዚህ ቀልዱን ተቀብላ ሳቅ ብላ፣ መቀስና ማስመሪያ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። መቀሱ ከቦታው አልነበረም፤ ሲፈለግ ቆየ።

ስትመለስ የሺሀረግ መነጽሯን አድርጋለች። ወረቀቱን ገልብጣ ይዛዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ቤርሳቤህ ቀርባ አየች። ባዶ መሆን የነበረበት የወረቀቱ ጀርባ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ጽሕፈት ተሞልቷል። ጽሕፈቱን ታውቀዋለች። ሚልኪያስ በፎቶዎቹ ግርጌ ዓመተ ምሕረት ሲጽፍ አይታዋለች። መቀሱ የሚያልፍበትን የመሀል መስመር ብቻ፣ አንድም ፊደል እንዳይቆረጥ ተጠንቅቆ፣ ባዶ ትቶታል።

«ቤርሳቤህ፤ ፊት ለፊት ብነግርሽ ዓይንሽን ወደ መስኮቱ ታዞሪያለሽ። ስለዚህ በማውቀው መንገድ ልንገርሽ። ባልሽን በሕይወቱ አላውቀውም ነበር። አሁን ሸሚዝ ሲተኩስ ከአንገትጌው እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ የምወድሽ እንደ እሱ ያለ ሰው ከወደድሽበት ልብ ጋር ነው። ቦታውን አልጠይቅሽም። ስምንቱም ገጽ የእሱ ይሁን። እኔን ጀርባው ይበቃኛል፤ የዘረጋ ብቻ የሚያየው። እኔ ምንም የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ይህንን አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሌሎችም ይነግሩሻል። መልስ ባትሰጪኝ አልቀየምም። ዝም ካልሽ ዝምታሽን እንደ መልስ እወስደዋለሁ፤ ሁለተኛ በዚህ ነገር አላስቸግርሽም፤ መጽሔቱን ግን እጨርስልሻለሁ። ሚልኪያስ።»

የሺሀረግ ቀጣዩን ወረቀት ገለበጠች። እዚያም አለ። ከሥሩ ያለውንም ገለበጠች። መቶ ሃያውም ጋ አለ።

«ወንድሜ ጀርባ ላይ ጻፈ» አለች የሺሀረግ። ድምጿ አልጨመረም። መጨመሩን ቤርሳቤህ በመረጠች ነበር።

«እትዬ፣ አላየሁትም።»

«መቼ ነው የጻፈልሽ?»

ቤርሳቤህ ወደ መኝታ ክፍል ሄዳ ናሙናውን ከመሳቢያ አወጣች። እንደተጣበቀ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የመቀሱን ጫፍ በቅጠሎቹ መካከል አስገብታ አላቀቀችው፤ ደረቁ ሙጫ እየተሰነጠቀ ተለያየ። ያው ጽሕፈት ወጣ፣ ከግርጌው ከአምስት ሳምንት በፊት የነበረ ቀን ተጽፎበታል። ሙጫው እዚህም እዚያም ፊደሉን ገሽልጦታል። ከመጀመሪያው ቃል፣ ከስሟ፣ «ቤር» የሚለው ብቻ ቀርቷል።

ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣባት። ጠርዙን የሚያሸው አውራ ጣት። «ገባኝ።» «ይቅርታ ያድርጉልኝ።» አንብባ፣ በሙጫ ዘግታ፣ ወስዳ ያሳየችው መስሎታል። አራት ሳምንት ሙሉ ያ መልስ ልቡ ላይ ተቀምጦ፣ የባሏን ፎቶ ብርሃን ሲያስተካክልላት ከርሟል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የሺሀረግ የተገሸለጠውን ወረቀት እያየች ቆየች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ማተሚያ ቤቱ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ አሁን ሰዓቱ አልፏል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ መቶ ሰው እጅ ዘርግቶ ይቀበላል፤ ካህናቱ፣ የድርጅቷ ሰዎች፣ የሀብተ ጊዮርጊስ የሥራ ባልደረቦች። ወረቀቱን መተው ይቻል እንደሆነ ቤርሳቤህ ጠየቀች። የሺሀረግ፣ ወንድሟ በዩኒፎርም የቆመበትን፣ እሷ ጎኑ በሁለት ጉንጉን የቆመችበትን ገጽ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ሙጫ አለሽ?» አለች በመጨረሻ።

አንዷ ትሰነጥቃለች፣ ታጥፋለች። አንዷ ቅጠሎቹን ታጣብቃለች። ከመስኮቱ ውጪ የጎረቤት ልጆች እየተጯጯሁ ኳስ ይጫወታሉ፤ ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ የሚሸጥ መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈለፈ አለፈ። የተጠናቀቁት መጽሔቶች ጠረጴዛው ላይ እየተከመሩ ሄዱ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያው ደብዳቤ እየታፈነ። ሦስት ያህል ሲቀር የሺሀረግ እጇን ሳታቆም መናገር ጀመረች።

«እኔ በየሳምንቱ የምመጣው አንቺን ላጽናና ይመስልሻል?»

ቤርሳቤህ ቀና አለች።

«ጥቁርሽን ላይ ነው የምመጣው። ጥቁር ለብሰሽ በሩን ስትከፍቺልኝ፣ ወንድሜን የሚጠብቀው ሰው አለ እላለሁ። ያልሄደ ይመስለኛል። አንድ ቀን ሌላ ቀለም ለብሰሽ የከፈትሽልኝ ዕለት ነው እሱ የሚሞትብኝ።»

«እትዬ የሺ…»

«ዝም በይ፣ ልጨርሰው። ፍቀጂልኝ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ አልችልም። አትከልክዪኝ ካልሽ ግን አልከለክልሽም። ከዚህ በላይ የለኝም።»

ቤርሳቤህ ልትይዛት እጇን ብትዘረጋ የሺሀረግ ሙጫውን አቀበለቻት፤ አለቀ መሰለኝ፣ ሌላ አምጪ አለቻት። ሌላ ይዛ ስትመለስ መቶ አሥራ ዘጠኙ ተደርድሯል። አንዱ ብቻ ለብቻው፣ ታጥፎ፣ በቤርሳቤህ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አልተጣበቀም። የሺሀረግ ጀርባዋን ሰጥታ ቦርሳዋን ትፈልጋለች። ቤርሳቤህ ለማመስገን እንኳ ድፍረቱ አልነበራትም፤ እንደዚህ ያለ ስጦታ ሰጪውን ምን ያህል እንደሚያደማ በዓይኗ አይታዋለችና።

እሑድ ከቅዳሴና ከጸሎቱ በኋላ ሰው በድንኳኑ ሥር ተቀመጠ። ጸበል ጻዲቁ ታደለ። ቤርሳቤህ በየመደዳው እየዞረች መጽሔቱን ሰጠች። ሰዎች ገጾቹን ሲገልጡ ፊታቸው ሲለሰልስ ታያለች። ሸሚዝ ሲተኩስ የሚታይበትን ገጽ ያዩት ባልደረቦቹ ተሳሳቁ፤ አንዱ ዓይኑን ጠረገ። መጽሔቱ እንዳሰበችው ኪስ ውስጥ ይገባል።

ሚልኪያስ በአጥሩ በር አጠገብ ቆሟል፤ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከሁሉም ኋላ። ደርሳ አንድ ሰጠችው። የሠራተኛ እጅ ነውና ገጹን ከመግለጡ በፊት ጠርዙን ዳሰሰ። አውራ ጣቱ ሙጫውን አገኘ። ፊቱ ላይ የሆነችውን ጥቂት ነገር፣ እንደ መብራት ጠፍታ የበራችውን፣ ሌላ ሰው አያያትም ነበር።

«ነፍሱን ይማር» አላት። «ጥሩ አድርገው ዘግተውታል። እንግዲህ እኔ ነገ…»

«ሳቢራ ነግራኛለች።»

«ደህና ይሁኑ እንግዲህ።»

ሊዞር ሲል ቦርሳዋን ከፈተች። ያልተጣበቀችውን አወጣች። አልሰጠችውም። እሷው ራሷ፣ እሱ እንዳስተማራት፣ ቅጠሎቹን ለያይታ፣ መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ፈትታ፣ ሙሉውን ወረቀት በሁለቱ መሀል ዘረጋችው። ጀርባውን ወደ እሱ አዞረች።

ሚልኪያስ የራሱን ጽሕፈት አየ። ለናሙናው ብሎ ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባውን ደብዳቤ ሳያጠፋ እንደተወው ያኔ ትዝ አለው። ቀስ ብሎ ቀና ብሎ ወደ ድንኳኑ ተመለከተ፤ በየሰዉ እጅ፣ በየካህኑ ጭን ላይ፣ በየልጁ ኪስ።

«ሁሉም ውስጥ አለ» አለችው። «ትናንት ነው ያየነው። ለዚያ ነው የዘጋናቸው። የመጀመሪያውንም ቢሆን… እኔ አፉን ሲከፍት ደስ ስላላለኝ ነው ያጣበቅኩት። አላነበብኩትም ነበር፣ ሚልኪያስ።»

ያኔ በወረቀቱ መሀል፣ ለመቀሱ ብሎ ባዶ በተወው መስመር ዳር፣ የእሱ ያልሆነ ጽሕፈት አየ። ትናንት ብዙ ልትጽፍ አስባ፣ ብዙ ጀምራ ትታ፣ በመጨረሻ እውነት የሆነውን ብቻ ነበር የጻፈችው። «ዛሬ አነበብኩት።» ከሥሩም የትናንት ቀን።

ወረቀቱን ከእጇ ተቀበለ። ሊያጥፈው ሞከረ። በአንድ በኩል አጠፈው፣ አልሆነም፤ ፈትቶ በሌላ በኩል ሞከረ። በሺህ የሚቆጠር ወረቀት ያጠፉት እጆቹ መታጠፊያውን ማግኘት አቃታቸው። ቤርሳቤህ እጇን ሰድዳ ጫፉን ያዘችለት።

«ትናንት በስንት ሰዓት አነበብሽው?» አላት።

ጥያቄው ምንም አልነበረም። ቤርሳቤህ የሰማችው ጥያቄውን አይደለም። አራት ሳምንት ስትጠብቀው የነበረው ያ «አንቺ» ተመልሶ፣ ደረቷ ውስጥ ቦታውን ያዘ።

ከሚልኪያስ ትከሻ በላይ፣ ድንኳኑ ሥር፣ የሺሀረግ ሰሐን ይዛ ቆማ ታያቸዋለች። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። የሺሀረግ ራሷን አልነቀነቀችም፤ ፊቷንም አላጠቆረችም። ቀስ ብላ ዞራ፣ እጇ ላይ ያለውን ለቀጣዩ እንግዳ አቀረበች። ቤርሳቤህ የወረቀቱን ጫፍ አልለቀቀችም። ደስታዋ ያንን የየሺሀረግን ጀርባ እያየ ነበር የመጣው፤ እንባዋም ከሁለቱ፣ ከራሷ ደስታና ከየሺሀረግ ሐዘን፣ ለየትኛው እንደሆነ እሷ ራሷ መለየት አልቻለችም።